ሰውን እንመርጣለን ወይስ መስፈርትን? በእጅ ስልክ ስለሚደረግ የትዳር ጓደኛ ፍለጋ



ሮቤንና ጎባን የሚያገናኘው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ በሚመላለስ መኪና የተሳፈረ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ ከወጣቶቹ አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ሲመለከቱ ያገኛቸዋል። ከእነርሱም አንዱ ትምህርቱን ያነባል፤ ሌላው ከወዳጁ ጋር ይጨዋወታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወላጆቹ በሽማግሌ አማካይነት ይፈልጉት የነበረውን የዕድሜ ልክ የኑሮ ጓደኛ በዚያች ትንሽ መስተዋት ውስጥ ይፈልጋል።

ይህን አይቶ «ዘመኑ ከፋ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ማማረር ለወጣቶቻችን ትምህርት አይሆናቸውም፤ እኛንም ከኃላፊነታችን ነጻ አያወጣንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ስልክ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚል አይደለም። ሁላችንም ሰው የሚወደውን ይመርጣል ብለን እናምናለን። ታዲያ የምንመርጥበት መንገድ ራሱ፣ ቀስ በቀስና ሳናውቀው፣ የምንወደውን ነገር ይለውጥብን ይሆን? ወንዱ በሴቷ፣ ሴቷም በወንዱ ዘንድ የምትፈልገው ነገር በየቀኑ በምታየው ነገር የሚቀረጽ ከሆነ፣ ለምኞታችንም ጭምር ኃላፊዎች ነን ማለት ነው። ጥያቄው የግብረ ገብ ጥያቄ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሀ. ቀድሞ ማን ይመርጥ ነበር?

ስለ አሁኑ በትክክል ለመፍረድ የቀድሞውን ሳናስውብ ማስታወስ ይገባል። በባሌ ደጋም ሆነ በሌሎች የሀገራችን ክፍሎች ጋብቻ የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ «የማን ልጅ ነው? የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በአማራው ዘንድ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ በኦሮሞውም ዘንድ የጎሣ ነገር ይጣራል። ጥሎሹም በሽማግሌዎች ፊት ይነገራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥበብ ነበረ። ሰው የሚታወቀው ስለ ራሱ በሚናገረው ሳይሆን ያሳደጉት፣ የጎረበቱትና አብረውት የሠሩት ሰዎች ስለ እርሱ በሚመሰክሩት ነበር። ከዚህም በላይ ያገናኙት ሽማግሌዎች ከሠርጉ በኋላ ኃላፊነታቸው አያበቃም ነበር፤ ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ ለማስታረቅ ይመለሱ ነበርና።

ዳሩ ግን በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ጉድለትም ነበረ። ብዙ ጊዜ ልጅቷ አትጠየቅም ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሀገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ግማሾቹ ገና 17 ዓመት ከጥቂት ወራት ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት እንደ ተዳሩ አሳይቷል። ጠለፋም ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም። ልጅቷን ያልጠየቀ ሽማግሌም ቢሆን የሚመርጠው በመስፈርት ነበር፤ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ዘሩን ይቈጥር ነበር። ስለዚህ «ሰውን በመስፈርት መለካት ከስልክ ጋር መጣ» ብንል እውነት አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ጋብቻን የሚያቆመው የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንደ ሆነና ይህንንም ፈቃድ በእነርሱ ፈንታ የሚሰጥ ሰብአዊ ሥልጣን እንደሌለ ስታስተምር ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖናም በአንቀጽ 1057 ይህንኑ ያጸናል። የሀገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የተጋቢዎችን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ጠይቋል፤ የጋብቻን ዕድሜም ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጓል። እንግዲህ ወጣቱ ራሱ መፈለጉና ራሱ መምረጡ መልካም ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ልንነጥቀው የሚገባ መብትም አይደለም። የሚያሳስበን ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ነጻነት ከሌላ ዓይነት ገዥ እጅ እንዳይወድቅ ነው።

ለ. ስልኩ የሚያሳየውና የሚሰውረው

ከሩቅ ሰው ጋር መተዋወቅ አዲስ ነገር አይደለም። ከእኛ መካከል ዕድሜአቸው የገፋ አንባብያን የብዕር ጓደኛን ያስታውሳሉ፤ ፎቶግራፍ በፖስታ ይላክ ነበር፤ መልሱም ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በኋላም ጋዜጦችና መጽሔቶች የትዳር ፈላጊዎችን ማስታወቂያ ያወጡ ጀመር። ዛሬ የተለወጠው ሁለት ነገር ነው፤ ፍጥነቱና ብዛቱ።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀ የኢንተርኔት አገልግሎት ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ቲንደር የተባለው መተግበሪያ ወጣ፤ በዚህ መተግበሪያ የሰው ፎቶግራፍ ይቀርባል፤ ተመልካቹም ከወደደው ጣቱን ወደ ቀኝ፣ ካልወደደው ወደ ግራ ያንሸራትታል። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተገናኙት የወንድና የሴት ጥንዶች መካከል 39 በመቶ የሚሆኑት የተዋወቁት በኢንተርኔት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተገናኙት መካከል ግን 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሀገራችን ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ነው። በቴሌግራም የትዳር ፈላጊዎች መድረክ ላይ የሚመዘገብ ሰው ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ የቆዳውን ቀለም፣ ሥራውን፣ ሃይማኖቱን፣ የሚኖርበትን ስፍራ ይጽፋል፤ አልፎ አልፎም ብሔሩን ይጠየቃል። ከዚያም የሚፈልጋት ሴት ምን ዓይነት መሆን እንዳለባት በዚያው ልክ ይዘረዝራል።

የዚህን ቅጽ አሠራር ልብ ብለን እንመልከት። በቅጽ ላይ ሊሰፍር የሚችለው በአንድ ቃል ወይም በቁጥር የሚገለጥ ነገር ብቻ ነው። ቁመት ይሰፍራል፤ ትዕግሥት አይሰፍርም። ደመወዝ ይሰፍራል፤ ደመወዙን ለታመመች እናቱ ማካፈሉ አይሰፍርም። ፎቶግራፉ ፊትን ያሳያል፤ ያ ፊት በንዴት ጊዜ ምን እንደሚመስል አያሳይም። በየቀኑ በቅጽ የሚመርጥ ሰው ውሎ አድሮ በቅጽ ላይ ያለው ብቻ የሚያስፈልገው ይመስለዋል፤ በቅጹ ላይ ያልሰፈረውንም መጠየቅ ይረሳል። ምርጫው ምኞትን የሚቀርጸው በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም ሳያስገድደን፣ ዓይናችን የለመደውን ልባችን እንዲፈልግ በማድረግ።

በሮቤ የእህል ገበያ ስንዴ የሚገዛ ነጋዴ እንኳ ከጆንያው አፍ ላይ ባለው ብቻ አይረካም። እጁን ሰድዶ ከመሀል ይዘግናል፤ ይነፋል፤ በጥርሱ ሰብሮ ያያል። ለአንድ ክረምት ቀለብ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለዕድሜ ልክ ጓደኛ ምርጫ በላይ በላዩ በሚታየው ቢረካ ያሳዝናል።

ሐ. ወንዱና ሴቷ አንዱ ሌላውን እንዴት ይለውጣል?

ይህ አሠራር ወንዱንና ሴቷን በአንድ ዓይነት መንገድ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን ያሉ ተመራማሪዎች ቲንደርን ለማጥናት ራሳቸው ባዘጋጁአቸው የወንድና የሴት ስሞች ገብተው ነበር። በሴት ስም የወደዱአቸው ሰዎች 10 በመቶ ያህሉ መልሰው ወደዷቸው፤ በወንድ ስም ግን ምላሽ ያገኙት ከ1 በመቶ በታች ነበር። ተመራማሪዎቹም ምክንያቱን አስተዋሉ። ወንዶቹ ምላሽ ስለማያገኙ ያገኙትን ሁሉ በጅምላ ይወዳሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ወዳጅ ስለ በዛባቸው ይበልጥ መራጮች ይሆናሉ። ሴቷ መራጭ በሆነች መጠን ወንዱ በጅምላ ይወዳል፤ ወንዱ በጅምላ በወደደ መጠንም ሴቷ ትጠነቀቃለች።

የውጭ አገር ጥናት ቢሆንም የእኛን ወጣቶች የሚመስል ነገር አለበት። አንዱን የሰላምታ ቃል ለሃያ ሴቶች የሚልክ ወጣት ለአንዷም እንዳልላከ የሚያውቅ አይመስልም። ቃሉን እንደ ዘር ይበትነዋል፤ ከአንዱ ቦታ ይበቅላል ብሎ ይጠብቃል። በዚህም ከሴቶች ጋር ያለው ንግግር እየረከሰበት ይሄዳል፤ ያልመለሰችለትንም ሴት መስደብ ይጀምራል። ሴቷ በበኩሏ በአንድ ቀን ብዙ መልእክት ይደርሳታል፤ ከነዚህም መካከል ነውር ያለባቸው አሉ። ስለዚህ ቅን የሆነውንና ቅን ያልሆነውን ለመለየት ጊዜ ስለማታገኝ በሚቈጠር ነገር መለየት ትጀምራለች፤ ውጭ አገር የሚኖር፣ መኪና ያለው፣ ረጅም የሆነ እያለች። ከዚያም ወንዱ «ሴቶች የሚፈልጉት ገንዘብ ነው» ይላል፤ ሴቷም «ወንዶች የሚፈልጉት ገላ ነው» ትላለች። ሁለቱም ማስረጃቸውን ያገኙት አሠራሩ ራሱ ከሠራው ነገር ነው። ወንድና ሴት የተፈጠሩት እንዲህ ሆነው ሳይሆን፣ እንዲህ እንዲተያዩ በሚያደርግ ገበያ ውስጥ ስለ ገቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአራት የአሜሪካ ከተሞች የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን ተመልክቶ፣ አብዛኞቹ ሰዎች በተፈላጊነት ከራሳቸው 25 በመቶ ያህል ከፍ ያለውን ሰው እንደሚከተሉ አሳይቷል። ከፍ ያለውን መመኘት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ዘወትር ወደ ላይ የሚመለከት ሰው በአጠገቡ የቆመውን አያይም። ከእርሱ ጋር በመዘምራን ማኅበር የምትዘምረው፣ በበሽታው ጊዜ ገንፎ ይዛ የመጣችው ልጅ «ተራ» ሆና ትታየዋለች፤ ያላያትን፣ ድምፅዋንም ያልሰማትን እያሰበ ይቆዝማል።

መ. መለያን መውደድና ሰውን መውደድ

አሁን ወደ ጥያቄያችን ሥር እንምጣ። አንዲትን ሴት ስለ ውበቷ ብቻ የመረጠ ሰው ከእርሷ የበለጠች ቆንጆ ባየ ጊዜ የማይሄድበት ምክንያት የለውም። አንድን ወንድ ስለ ሀብቱ ብቻ የመረጠች ሴትም እንዲሁ። ምክንያቱም ውበትና ሀብት በብዙ ሰዎች ዘንድ ይገኛሉ፤ በአንዱ ያነሰው በሌላው ይበዛል። የወደድነው መለያውን ከሆነ፣ ሰውየው የመለያው መያዣ ዕቃ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ዕቃም ይለወጣል። ሰው ግን በሌላ ሰው አይተካም። እናት ልጇ ሲሞትባት የበለጠ ጎበዝ ልጅ እንስጥሽ ብንላት ስድብ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ብፁዕ ወቅዱስ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ገና ጳጳስ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1960 «ፍቅርና ኃላፊነት» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ የፍቅር ተቃራኒ ሰውን እንደ መሣሪያ መጠቀም መሆኑን አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ሰው ራሱን በሙላት የሚያገኘው ራሱን ለሌላው በቅንነት ሲሰጥ መሆኑን አስታውቋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ደግሞ ወጣቶች ፍቅርን በማኅበራዊ መገናኛ ላይ እንዳለ ግንኙነት ሲያሻቸው የሚከፍቱት፣ ሲያሻቸውም የሚዘጉት አድርገው እንዳይመለከቱ ሥጋታቸውን ገልጸዋል።

በምሥጢረ ተክሊል ጊዜ የምንገባውን ቃል ኪዳን እናስብ። በደስታም በኀዘንም፣ በጤናም በሕመምም አብሬ እኖራለሁ ማለት፣ መስፈርቶቹ ሁሉ ቢወድቁ እንኳ አንተን ወይም አንቺን አልተውም ማለት ነው። ውበት ይረግፋል፤ ሥራ ይጠፋል፤ በሽታ ይመጣል። ቃል ኪዳኑ የሚጠቅመውም በዚያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ለዓመታት ጣቱን እያንሸራተተ «የተሻለ ይኖር ይሆናል» ማለትን የለመደ ልብ፣ በአንድ ቀን የሠርግ ሥነ ሥርዓት «ከእንግዲህ አልፈልግም» ወደሚል ልብ እንዴት ይለወጣል? ለውጡ በጸጋ ይቻላል፤ ጸጋ ግን የሰውን ዝግጅት ይፈልጋል።

ይህ ማለት መስፈርት አያስፈልግም ማለት አይደለም። እምነቱ ምንድን ነው? ለማግባት ነጻ ነው ወይ? ይጠጣል ወይ? ይሠራል ወይ? ብሎ መጠየቅ አስተዋይነት ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ማንን ቀርበን እንደምናውቅ ይወስንልናል። የቀረብነውን ሰው መውደድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያም በጊዜና በአብሮነት ይበስላል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 ላይ የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቆመ። ለእግዚአብሔር ያቀረበው ልመና ስለ ልጅቷ መልክ ወይም ስለ አባቷ ከብት አልነበረም፤ ለእርሱ ውኃ ስትሰጠው ለግመሎቹም ለማጠጣት ራሷ የምትነሣ ልጅ እንድትሆን ነው የለመነው። ግመሎቹ አሥር ነበሩ። የተጠማ ግመል ምን ያህል እንደሚጠጣ ከቆላው ጋር የሚገናኙ የባሌ ሰዎች ያውቃሉ፤ ርብቃም ወደ ጉድጓዱ እየሮጠች ደጋግማ ቀዳች። መጽሐፉ ውብ እንደ ነበረች ሳይሸሽግ ይነግረናል፤ ምልክቱ ግን ሥራዋ ነበር። በመጨረሻም ቤተሰቦቿ ራሷን ጠርተው ትሄድ እንደ ሆነ ጠየቋት። በዚያ ጥንታዊ ታሪክ ውስጥ ጸሎት አለ፤ የቤተሰብ ምስክርነት አለ፤ በሥራ መታወቅ አለ፤ የልጅቷም ነጻ ፈቃድ አለ። ለዛሬው ወጣት ከእነዚህ አንዱም አይቀርበት።

ሠ. «እኛ ጥቂቶች ነን» ለሚሉ

አንድ ወጣት ካቶሊክ እንዲህ ብሎ ሊመልስልን ይችላል፦ «የምትሉት መልካም ነው። ነገር ግን በሮቤ ወይም በጎባ ስንት ካቶሊክ ልጃገረድ አለች? ያሉትም አብረውኝ ያደጉ እኅቶቼ ናቸው። በስልክ ካልፈለግሁ ከየት ላግኝ?» ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ መሠረት በሀገራችን ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ 0.7 በመቶ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ከመቂ ተለይታ በተቋቋመችው በሮቤ ሐዋርያዊ ፕሬፌክቸር ምእመናን በሰፊ አገር ላይ ተበትነው ይኖራሉ። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን ደጋ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ ሰው ምን ያህል መንገድ እንደ ሆነ ያውቃል።

ለዚህ ወጣት በስልክ መተዋወቅ እውነተኛ በር ሊሆን ይችላል፤ እኛም በሩን በፊቱ አንዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ከ19,000 በላይ ባለትዳሮችን የጠየቀ ጥናት፣ በኢንተርኔት የተጀመሩ ትዳሮች በሌላ መንገድ ከተጀመሩት ይበልጥ እንደማይፈርሱ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንደሚሻሉ ገልጿል። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው በዚሁ አገልግሎት የሚተዳደር ድርጅት መሆኑን ማወቅ ቢያስፈልግም፣ ትዳር መነሻው ስልክ ስለ ሆነ ብቻ ይበላሻል ብሎ መፍረድ ግን ትክክል አይደለም። ዋናው ነገር ከበሩ ከገቡ በኋላ ያለው ነው። በር ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ቤቱን አላየም፤ ከበር ወደ በር ሲመላለስ የሚውልም ከቶ አይገባም።

እንዲሁም አብዛኛው የባሌ ሕዝብ ሙስሊም፣ ሌላውም የኦርቶዶክስ ወይም የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ በመሆኑ፣ ከሌላ እምነት ተከታይ ጋር መዋደድ በመካከላችን የሚደርስ ነገር ነው። ይህ ሲሆን ወጣቶቹ ነገሩ ሳይገፋ ካህናቸውን ሊያማክሩ ይገባል። ካልተጠመቀ ሰው ጋር ለመጋባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ካቶሊክ ካልሆነ ክርስቲያን ጋርም እንዲሁ የቤተ ክርስቲያንን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ይህ ጎረቤትን ለመናቅ ሳይሆን ሁለቱም የሚገቡበትን ኪዳን አውቀው እንዲገቡ ነው። በቅጹ ላይ ስላለው የብሔር ጥያቄ ግን በግልጽ መናገር አለብን፤ በአንድ ጥምቀት የተጠመቀ ክርስቲያን የእኅቱን ወይም የወንድሙን ቋንቋና ዘር እንደ እንከን ሊቈጥር አይገባውም።

ረ. እውነትን ስለ መናገር

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ 80 የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ በመለካትና በመመርመር የተደረገ ጥናት፣ ከመቶው 81 የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ ነገር እውነቱን እንዳልጻፉ አግኝቷል። ወንዶቹ በቁመታቸው ላይ ይጨምሩ ነበር፤ ሴቶቹ ከክብደታቸው ይቀንሱ ነበር። ውሸቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነበረ። ነገር ግን በትንሽ ውሸት የተጀመረ መተዋወቅ ሁለተኛ ውሸት ይፈልጋል። ልጅ ያለው «የለኝም» ካለ፣ ሥራ የሌላት «አለኝ» ካለች፣ እውነቱ የሚገለጥበት ቀን እንደ ዕዳ ይጠብቃቸዋል።

ካቴኪስቶች ለወጣቶች ሊያስረዱ የሚገባ የሕግ ነጥብም አለ። በሕገ ቀኖና አንቀጽ 1098 መሠረት አንድ ሰው የሌላውን ፈቃድ ለማግኘት ሲል በተንኰል ቢያታልለውና የተሸሸገው ነገር የትዳርን አብሮነት በባሕርዩ እጅግ የሚያውክ ቢሆን፣ የተፈጸመው ጋብቻ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ትንሽ ውሸት ጋብቻን ያፈርሳል ማለት አይደለም፤ የጉዳዩ ፍርድም የቤተ ክርስቲያን ዳኞች ነው። ሆኖም ሕጉ የሚነግረን እውነት የፈቃድ መሠረት መሆኑን ነው። ያላወቅሁትን ሰው «እሺ» ልለው አልችልም።

ከዚህ የከፋም አለ። «ውጭ አገር ነኝ፤ ስጦታ ልኬልሻለሁ፤ ማስለቀቂያውን ክፈዪ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል አለ። በትዳር ወይም በሥራ ተስፋ ልጃገረዶችን አታልሎ ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው መነገድን በከባድ ቅጣት የሚቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የእርቃን ፎቶግራፍ ጠይቆ ተቀብሎ በኋላ የሚያስፈራራም አለ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ልጅ በኀፍረት ዝም እንዳትል ወላጆችና ካቴኪስቶች አስቀድመው ጆሮአቸውን ይክፈቱላት። «ለምን ላክሽ?» ብሎ መጀመር ሁለተኛ ጊዜ መግረፍ ነው።

ሰ. የቁምስናው ድርሻ

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ በሰጡት ሐዋርያዊ ምክር ለጋብቻ የሚደረገው ዝግጅት ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት አስተምረዋል፤ በልጅነት የሚጀምር የሩቅ ዝግጅት፣ በወጣትነት የሚሰጥ የቅርብ ዝግጅት፣ ከሠርጉ በፊት ባሉት ሳምንታትና ወራት የሚደረግ የመጨረሻ ዝግጅት። በብዙ ቁምስናዎቻችን የምናደርገው ሦስተኛውን ብቻ ነው። የምኞት መቀረጽ ግን የሚጀምረው ልጁ የመጀመሪያውን ስልክ ሲይዝ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ተግባራዊ ምክሮችን እናቅርብ። በስልክ የተዋወቁ ወጣቶች ሳይዘገዩ፣ ሰው ባለበት ስፍራና ቤተሰብ እያወቀ በአካል ይገናኙ፤ የድምፅና የጽሑፍ ወዳጅነት ለወራት ሲረዝም ሰው የሚወደው በሐሳቡ የሣለውን ነውና። ከዚያም አንዱ የሌላውን እናት፣ ጓደኞች፣ የሥራ ባልደረቦች ይወቅ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይተያዩ፤ በዐውደ ዓመትና በጾም፣ በድካምና በኀዘን ጊዜ ጠባይ ይገለጣል። ከሌላ ስፍራ የመጣው እጮኛ በቅርብ ጊዜ የተሰጠ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያምጣ፤ ቀድሞ አግብቶ ከሆነ ጋብቻው በጥምቀት መዝገቡ ላይ መስፈር ስላለበት፣ ይህ ወረቀት ብዙ ሐዘንን ያስቀራል። በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው የጋብቻ ማስታወቂያም እንደ ባዶ ልማድ አይታይ፤ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው የአባቶች ጥያቄ በዚያ ውስጥ ይኖራልና።

ቁምስናዎችም የራሳቸው ዕዳ አለባቸው። ወጣቶቻችን ከአጎራባች ቁምስናዎች ወጣቶች ጋር አብረው የሚጸልዩበት፣ የሚያገለግሉበትና የሚመላለሱበት ዕድል ካልሰጠናቸው፣ ወደ ስልክ ለምን ሄዳችሁ ብለን ልንወቅሳቸው አንችልም። በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩት፣ ከሩቅ አገር መጥተው ብቻቸውን ላሉትም በራችን ክፍት ይሁን። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ሳይጠየቁ የሚያጋቡ ሳይሆን ሲጠየቁ እውነቱን የሚመሰክሩ፣ ከሠርጉም በኋላ የማይጠፉ ይሁኑ። ቀድሞ የነበረው ጥበብ ከዛሬው ነጻነት ጋር ሊኖር ይችላል፤ ሥራው ግን የእኛ ነው።

ውድ ወጣቶች፤ በስልካችሁ ላይ የምታዩት እያንዳንዱ ፊት እግዚአብሔር በስም የሚያውቀው ሰው ነው። ጣታችሁን ስታንሸራትቱ ይህን አስቡ። ስትመርጡ በጸሎትና በምክር ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ መፈለግን አቁሙ። የናዝሬት ቅድስት ቤተሰብ በአማላጅነቷ ትርዳን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የትዳር ጓደኛዬ ሊኖረው ወይም ሊኖራት ይገባል የምንላቸውን አምስት ነገሮች እንጻፍ። ከእነዚህ ውስጥ በሕመምና በድህነት ጊዜ የሚቀሩት የትኞቹ ናቸው?

2. ከርብቃ ታሪክ በእኛ ዘመን የትኛው ክፍል ጎድሎናል?

3. በቁምስናችን ወጣቶች በመልካም ሁኔታ የሚተዋወቁበት ምን ዕድል አለ? ምንስ ልንጨምር እንችላለን?